«የሚወርደው በሽተኛው ነው ወይስ ካሴቱ?» ቱሉ ዲምቱ ላይ የተፈታ የኤክስሬይ ዲቴክተር ጉዳይ

ጉዳዩ የጀመረው በአንድ መስመር ነው። ላፕቶፔ ላይ የተሳለ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ የሚወርድ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ቀና የሚል መስመር። አራት ወር ሙሉ ይህን መስመር ግኝት ነው ብዬ አመንኩ። አልነበረም። ምን እንደነበረና እንዴት እንደታወቀ በዝርዝር የምጽፈው፣ ከእኔ በኋላ ተመሳሳይ መረጃ የሚከፍት ተማሪ አራት ወሩን እንዲያተርፍ ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የክፍያ ጣቢያ ከሰፈራችን ሩቅ አይደለም። ቀን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ማታ ማታ የማስተርስ ጥናቴን እሠራለሁ። ጥናቴ የሚያስፈልገው ማሽን አገራችን ውስጥ የለም። አፍሪካ ውስጥም የለም። ያለኝ 8 ጊጋ ባይት ራም ያለው ላፕቶፕ፣ አንድ ሃርድ ዲስክና የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ነው። ደግነቱ እነዚህ ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ከተወሰነ ጊዜ በኋላ መረጃቸውን ለማንም ክፍት ያደርጋሉ። እኔም የወሰድኩት ከዚያ ነው።

ማሽኑ የአውሮፓው የኤክስሬይ ፍሪ ኤሌክትሮን ሌዘር ነው። የሚገኘው ጀርመን፣ ሃምቡርግ አካባቢ ነው። ርዝመቱ 3.4 ኪሎ ሜትር ሲሆን አብዛኛው ከመሬት በታች ነው። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ነው። ኤሌክትሮኖችን እስከ 17.5 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያፈጥናል፤ ከዚያ በተደረደሩ ማግኔቶች መካከል ግራና ቀኝ ያወዛውዛቸዋል። ከዚያ ውዝዋዜ እጅግ ደማቅ የኤክስሬይ ምት ይወጣል። የአንዱ ምት ዕድሜ በፌምቶ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ፣ የሚቆጠር ነው። ምቱ የነካውን ክሪስታል ያፈነዳዋል። ግን ክሪስታሉ ከመፈንዳቱ በፊት ኤክስሬዩ ምስሉን ይዞ አልፏል። ይህ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2000 በስሌት ቀረበ፤ በ2011 ደግሞ ካሊፎርኒያ ባለው፣ ኤል.ሲ.ኤል.ኤስ. በሚባለው ተመሳሳይ ማሽን፣ በፕሮቲን ክሪስታል ላይ በተግባር ታየ። እኔን ወደዚህ ጥናት የሳበኝም እሱ ነው። አንድ ነገር ሊጠፋ ሲል የመጨረሻ መልኩን መያዝ መቻል ያስደንቀኛል።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። ምቶቹ በዙር ነው የሚመጡት። በሰከንድ 10 ዙር አለ፤ በአንድ ዙር እስከ 2,700 ምት። ሲደመር በሰከንድ 27,000 ይሆናል። ግን እኩል ተራርቀው አይመጡም። 2,700ዎቹ በሙሉ በ0.6 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ያልፋሉ። ቀሪው 99.4 ሚሊ ሰከንድ ዝምታ ነው። በበዓል ዋዜማ የክፍያ ጣቢያውን ያየ ሰው ይገባዋል። መኪናው ተግተልትሎ ይመጣል፣ ከዚያ መንገዱ ጭር ይላል።

በሁለት ምቶች መካከል ያለው አጭሩ ጊዜ 220 ናኖ ሰከንድ ያህል ነው። ብርሃን እንኳ በዚህ ጊዜ የሚሄደው 66 ሜትር ብቻ ነው። ከእኛ ብሎክ ጥግ ያለው ሱቅ ድረስ እንደ ማለት። ኤክስሬዩን ተቀብሎ ፎቶ የሚያነሣው መሣሪያ፣ ዲቴክተሩ፣ በዚህች ጊዜ ውስጥ አንዱን ፎቶ አስቀምጦ ለሚቀጥለው መዘጋጀት አለበት።

እኔ የምሠራበት መረጃ የተነሣው ኤ.ጂ.አይ.ፒ.ዲ. በሚባል ዲቴክተር ነው። አንድ ሚሊዮን ያህል ፒክስል አለው። የእያንዳንዱ ፒክስል ጎን 200 ማይክሮ ሜትር ነው። 16 ሞጁሎች አንድ ላይ ተገጥመው ነው የተሠራው። እስቲ አስሉት። አንድ ሚሊዮን ፒክስል፣ በሰከንድ 4.5 ሚሊዮን ፎቶ በሚሆን ፍጥነት፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር 2 ባይት ቢባል በሰከንድ 9 ቴራ ባይት ይሆናል። ይህን በቀጥታ በሽቦ አውጥቶ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ሌላ መላ ዘየዱ። በእያንዳንዱ ፒክስል ውስጥ 352 ትንንሽ የማስቀመጫ ሴሎች ሠሩ። ሴል ማለት ቻርጅ የምትይዝ ካፓሲተር ናት። ምቶቹ ሲጎርፉ ፎቶዎቹ እዚያው ፒክስሉ ውስጥ ይከማቻሉ። ዝምታው ሲመጣ፣ በዚያ 99.4 ሚሊ ሰከንድ፣ አንድ በአንድ ይነበባሉ። ከ2,700 ምት የሚያዘው 352ቱ ብቻ ነው ማለት ነው። እንደዚያም ሆኖ ግሩም ሥራ ነው።

እንግዲህ የኔ ጥያቄ ይህ ነበር። ክሪስታሎቹ የሚቀርቡት በቀጭን የውኃ ጅረት ውስጥ ነው። ምቱ ጅረቱን ሲመታው ውኃው ይፈነዳል። ፍንዳታው የግፊት ሞገድ ይልካል። የሚቀጥለው ክሪስታል ተራው ሳይደርስ በዚህ ሞገድ ይጎዳል ወይ? ምቶቹ በሰከንድ 1.1 ሚሊዮን በሆነ ፍጥነት ሲመጡ በመካከላቸው ያለው ጊዜ ከአንድ ማይክሮ ሰከንድ ያንሳል። በሰከንድ 50 ሜትር የሚሮጥ ጅረት በዚህ ጊዜ 44 ማይክሮ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚጓዘው። ስጋቱ የእውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች በዚያ ፍጥነት ከሊሶዛይም፣ ማለትም ከእንቁላል ነጩ ክፍል ከሚገኘው ፕሮቲን፣ ጥሩ መረጃ እንደሚገኝና ጉዳት እንዳልታየ አሳይተው ነበር። እኔ በሌላ መረጃ ላይ ይህንኑ እንደገና ልፈትሽ ተነሣሁ።

ሙሉውን መረጃ ማውረድ አልችልም። ዲቴክተሩ 352 ሴሎቹን ሁሉ ሲጠቀም ጥሬ መረጃው በሰከንድ 15 ጊጋ ባይት ገደማ ነው። ስለዚህ ከ16ቱ ሞጁል አንዱን ብቻ መረጥኩ። 512 በ128፣ 65,536 ፒክስል። እሱኑም ለማውረድ ስንት ሌሊት እንደፈጀብኝ አልቆጠርኩም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ጀምሬ፣ ጠዋት ተነሥቼ የት እንደቆመ አያለሁ። መብራት ሄዶ ከሆነ ከቆመበት እቀጥላለሁ።

ከፎቶዎቹ ጋር «ጨለማ» የሚባሉ ፎቶዎችም አሉ። ጨረር ሳይኖር የተነሡ ናቸው። ዲቴክተር ጨረር ባይነካውም ዜሮ አይልም፤ የራሱ መነሻ ቁጥር አለው። ያ መነሻ ከእውነተኛው ፎቶ ላይ መቀነስ አለበት። ጥፋቴ እዚህ ጋ ነው። ጨለማውን ሁሉ ላፕቶፔ ላይ ልጫነው ስል አልበቃ አለ። የአንድ ሞጁል አንድ ዙር 92 ሜጋ ባይት ነው። 100 ዙር ከ9 ጊጋ ባይት በላይ ነው። ራሜ 8 ነው። እኔም አቋራጭ ወሰድኩ። የሴሎቹን ሁሉ ጨለማ አንድ ላይ አማክዬ ለእያንዳንዱ ፒክስል አንድ መነሻ ቁጥር ብቻ ሰጠሁት። ለ352 ሴል አንድ ቁጥር።

አላሳሰበኝም ነበር። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያትም ነበረኝ። በሴሎች መካከል ትንሽ ልዩነት ቢኖር እንኳ 65,536 ፒክስል ላይ ሲማከል ይጠፋል ብዬ ነበር። አንዱ ከፍ ቢል ሌላው ዝቅ ይላል ብዬ።

ከዚያ በየምቱ ከውኃው የተበተነውን ብርሃን አማክዬ በምቱ ቁጥር ልክ ሳልኩት። መስመሩ ወረደ። አንደኛው ምት ላይ ከፍ ያለ፣ ወደ በኋላ እየቀነሰ የሚሄድ። ልቤ ዘለለ። በዙሩ ውስጥ ወደ ኋላ በተሄደ ቁጥር ጅረቱ እየተጎዳ ነው አልኩ። የሞገዱን አሻራ አገኘሁት አልኩ። ለአማካሪዬ ላክሁ። እሱም ተደሰተ፣ ግን «ተጠንቀቂ፣ ደጋግመሽ ፈትሺው» አለኝ። ደጋገምኩ። በሌላ ቀን መረጃ ላይም ያው ወረደ። በሌላ የክሪስታል ናሙና ላይም ያው። መደጋገሙ ይበልጥ እርግጠኛ አደረገኝ። አሁን ሳስበው መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው። ናሙና ሲቀየር መስመሩ ለምን ዝንፍ አይልም?

ከእኛ በር ፊት ለፊት ጡረታ የወጡ የኤክስሬይ ባለሙያ ይኖራሉ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሆስፒታል ውስጥ፣ በፊልሙ ዘመን የሠሩ ሰው ናቸው። አንድ እሑድ ባለቤታቸው ቡና ጠርተውኝ ገባሁ። ላፕቶፔን ይዤ ነበር፤ ቻርጅ ላደርግ። የእኛ ቤት ፊውዝ ተበላሽቶ ነበርና። መስመሩ ስክሪኑ ላይ ክፍት ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ኤክስሬይ ነው ጋሼ። እንደ እርስዎ ሥራ ሰው የሚነሣበት ግን አይደለም። በጣም ፈጣን ነው። ተከታታይ ፎቶ ነው። ይሄው፣ ከአንደኛው እስከ መጨረሻው ምስሉ እየደበዘዘ ይሄዳል።»

«ሁሉም በአንድ ካሴት ነው የሚነሣው?»

«ካሴት የለውም። እያንዳንዱ ፎቶ የራሱ ማስቀመጫ አለው። 352 ማስቀመጫ አለ።»

«እንግዲያው 352 ካሴት አላችኋ።»

«እንደዚያ ይባል።»

«ሁልጊዜ አንደኛው ፎቶ በአንደኛው ካሴት፣ ሰባተኛው በሰባተኛው ነው የሚገባው?»

«አዎ፣ በተራ ነው።»

ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱት። «ታዲያ የሚወርደው በሽተኛው ነው ወይስ ካሴቱ? በምን ለየሽው?»

መልስ አልነበረኝም። ዝም ብዬ አየኋቸው።

እሳቸውም የደረሰባቸውን አጫወቱኝ። በፊልሙ ዘመን ካሴት ማለት ፊልሙ የሚገባበት ጠፍጣፋ ሳጥን ነው። በውስጡ ኤክስሬይ ሲነካው የሚያበራ ስክሪን አለ። ፊልሙን በአብዛኛው የሚያጠቁረው የዚያ ስክሪን ብርሃን ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ቅንጣት አቧራ ካለ ብርሃኑን ይጋርዳል፤ ፊልሙ ላይ ነጭ ነጥብ ይቀራል። አንድ ቀን የሦስት ሰዎች የደረት ፎቶ ላይ ነጭ ነጥብ ታየ። ሐኪሙ አንደኛውን ሰው ለተጨማሪ ምርመራ ሊልከው ነበር። ጋሼ ሦስቱን ፊልሞች ደራርበው መብራቱ ላይ አዩዋቸው። ነጥቦቹ ልክ በልክ ገጠሙ። የሦስት ሰው ሳንባ በአንድ ቦታ አይታመምም። ካሴቶቹ ቁጥር ይጻፍባቸው ነበር። ሦስቱም ፎቶ የተነሣው በ7 ቁጥር ነው። ከፍተው ስክሪኑን ጠረጉት፤ ነጥቡ ጠፋ።

«ካሴቱን ያለ በሽተኛ አንሺው» አሉኝ። «ያኔ የሚታየው የካሴቱ ነው።»

ያለ በሽተኛ የተነሣው ፎቶ እኮ ሃርድ ዲስኬ ላይ ነበር። ጨለማው። እኔ ነኝ አማክዬ አንድ ላይ ያቀላቀልኩት።

ያን ዕለት ማታ ጨለማውን በሴል ቁጥር ለይቼ ልስል ተቀመጥኩ። ግማሽ ላይ መብራት ሄደ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ጨረስኩት። መስመሩ ወጣ። ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ የሚወርድ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ቀና የሚል። ውኃ የለም፣ ክሪስታል የለም፣ ጨረር የለም። መስመሩ ግን አለ።

የችግሩን ልብ በደንብ ላስረዳ፤ ከዚህ ጉዳይ ትልቁ ነገር ይህ ነውና። በእንዲህ ዓይነት ዲቴክተር፣ ፎቶዎቹ በተራ ሲቀመጡ፣ የምቱ ቁጥርና የሴሉ ቁጥር አንድ ላይ ይጓዛሉ። አሥረኛው ምት ሁልጊዜ አሥረኛው ሴል ውስጥ ነው። ስለዚህ «በጊዜ ተለወጠ» የምትሉት ነገር ሁሉ «በሴል ተለወጠ» ሊሆን ይችላል። መረጃ መጨመር አይለየውም። አንድ ሚሊዮን ዙር ብትጨምሩ ያው ስሕተት ይበልጥ ጠርቶ ይታያል እንጂ። ካሊፎርኒያ ያለው የመጀመሪያው ማሽን እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀምርና በኋላም ምቶቹ በሰከንድ እስከ 120 ነበሩ። ዲቴክተሩ አንዱን ፎቶ አንብቦ ጨርሶ ሌላውን ለመቀበል ጊዜ ነበረው። ይህ ጣጣ የመጣው ከፍጥነቱ ጋር ነው።

«ሲማከል ይጠፋል» ያልኩት ለምን አልሠራም? የሴሎቹ ልዩነት የዘፈቀደ ቢሆን ኖሮ ይጠፋ ነበር። ግን ፒክስሎቹ ሁሉ በአንድ ንድፍ የተሠሩ ናቸው። በአንዱ ፒክስል ውስጥ አሥረኛው ሴል ያለበት ቦታ በሌላውም ያው ቦታ ነው። የመነበብ ተራውም ያው ነው። ካፓሲተር ቻርጁን ለዘላለም አይዝም፤ እስኪነበብ ድረስ ትንሽ ትንሽ ያፈሳል። ዲቴክተሩን ማቀዝቀዝ ከሚጠቅምባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህን መቀነስ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ በፒክስሎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። አማካዩ አላጠፋውም፤ አጠራው።

እርማቱ ከባድ አልነበረም። ጨለማውን ሁሉ አንዴ መጫን አያስፈልግም። አንድ ዙር ይነበባል፣ በየፒክስሉና በየሴሉ ወደ ድምር ይጨመራል፣ ይዘጋል፤ ቀጣዩ ይከፈታል። ድምሩ የሚይዘው 92 ሜጋ ባይት ያህል ብቻ ነው። ኖይዙን፣ ማለትም የቁጥሮቹን መዋዠቅ፣ ለመለካት የካሬውን ድምር ስትጨምሩ እጥፍ ይሆናል። ለማንኛውም ላፕቶፕ ቀላል ነው። በየአሥር ዙሩ ድምሩ ዲስክ ላይ እንዲጻፍ አደረግኩ፤ መብራት ቢሄድ የሚጠፋው አሥር ዙር ብቻ ነው። አራት ወር የበላኝ አቋራጭ ያዳነኝ የሁለት ሌሊት ሥራ ነበር።

በየሴሉ ጨለማ ሲቀነስ መስመሩ ተኛ። ውኃው ላይ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ ሆነ። አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው።

አንድ ነገር ግን ቀረ። የክሪስታሎቹ ብሩህ ነጥቦች ላይ አሁንም እንግዳ ነገር ነበር። የነጥቦቹን ድምቀት ስቆጥር መካከል ላይ ክፍተት አለ። ደብዛዛ አለ፣ ደማቅ አለ፣ መሀሉ ጎደሎ ነው። ይህ ደግሞ ሌላው የዲቴክተሩ ብልሃት ያመጣው ነው። አንዱ ፒክስል አንድ ፎቶን፣ ማለትም አንድ የብርሃን ቅንጣት፣ ብቻ ሲደርሰው ማየት አለበት። ጎረቤቱ ግን በዚያው ምት እስከ 10,000 ፎቶን ሊደርሰው ይችላል። በአንድ መስፈሪያ ሁለቱን መስፈር አይቻልም። ስለዚህ ፒክስሉ ሦስት መስፈሪያ አለው። ስኒው ሊሞላ ሲል ወደ ብርጭቆ፣ ብርጭቆው ሊሞላ ሲል ወደ ጆግ ይዞራል። ይህን ራሱ ይወስናል፤ በየምቱ፣ በየፒክስሉ። ከዚያ ሁለት ነገር ይጽፋል፤ ምን ያህል እንደሆነና በየትኛው መስፈሪያ እንደሰፈረ። የመስፈሪያው ምልክትም በቮልቴጅ ነው የሚጻፈው፤ ስለዚህ እሱም በየሴሉ ትንሽ ይለያያል። እኔ ለሁሉም አንድ የመለያ ወሰን ነበር ያደረግኩት። ወሰኑ አካባቢ ያሉት ነጥቦች ብርጭቆው እንደ ስኒ፣ ስኒው እንደ ብርጭቆ እየተቆጠረ ነበር። ወሰኑን በየሴሉ ሳደርገው ክፍተቱ ሞላ።

እስቲ ለመነሻ ቁጥሩ ብቻ የሚያስፈልገውን አስቡት። ለሙሉው ዲቴክተር፣ አንድ ሚሊዮን ፒክስል በ352 ሴል በ3 መስፈሪያ። ከ1.1 ቢሊዮን በላይ ቁጥር። እያንዳንዱ ተለክቶ ካልተቀመጠ ፎቶው አይታመንም። የእነዚህ ማሽኖች ዜና ሲነገር ስለ ጨረሩ ድምቀት ይነገራል። ይህን ቢሊዮን ቁጥር የሚለኩትንና የሚጠብቁትን ሰዎች ማንም አያነሣቸውም። እኔ ግን አንድ ሞጁል ብቻ ነክቼ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ አይቻለሁ። ክብር ይገባቸዋል።

ለወደፊቱ የተለየ መንገድም አለ። ይህ ዲቴክተር ሴሎቹን የግድ በተራ መሙላት የለበትም። ምቱ ክሪስታል ካልነካ «ይሄ አይጠቅምም» የሚል ምልክት ተልኮለት ያንኑ ሴል በሌላ ፎቶ እንዲጽፍበት ተደርጎ ነው የተነደፈው። ዋናው ዓላማው ቦታ መቆጠብ ነው። ለእኔ ዓይነት ጥያቄ ግን ሌላ ጥቅም አለው፤ የምት ቁጥርና የሴል ቁጥር ይፋታሉ። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2023 አዲሱን ማሽን አስጀምሯል። ዓላማው በሰከንድ እስከ አንድ ሚሊዮን ምት ነው፤ ያውም እኩል ተራርቀው፣ ያለ እረፍት። እዚያ ዝምታ የለም። ፒክስል ውስጥ አከማችቶ በእረፍት ማንበብ አይሠራም። ሌላ ዓይነት ዲቴክተር የግድ ነው።

የጥናቴ ርዕስ ተቀየረ። ስለ ግፊት ሞገድ መሆኑ ቀርቶ በትንሽ ኮምፒውተር የሴል በሴል እርማት እንዴት እንደሚሠራ ሆነ። አማካሪዬ «ይሄኛው ይሻላል» አለኝ። መጀመሪያ ለማጽናናት መስሎኝ ነበር። ምዕራፎቹን ስጽፍ ግን እውነቱን እንደሆነ ገባኝ። የውኃው ውጤትም አለበት፤ አንድ አንቀጽ ነው። በዚህ መረጃ፣ በዚህ ሞጁል፣ ከምት ወደ ምት ለውጥ አልታየም።

የጨለማውን መስመር ትልቅ ወረቀት ላይ አሳትሜ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ እያስኬዱ «7 ቁጥር የቱ ነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። እሱስ ደህና ነበር። ትንሽ ቆዩና ሌላ ጠየቁ።

«ይሄ ባዶው ፎቶ መቼ ነው የተነሣው? ከበሽተኛው ጋር በአንድ ቀን ነው?»

የጠየቁት ትክክለኛውን ነገር ነው። መነሻ ቁጥሮቹ ከሙቀቱ ጋር ይንሸራተታሉ፤ ጨለማ በየጊዜው እንደገና የሚነሣውም ለዚህ ነው። ቤት ገብቼ የፋይሎቹን ቀን አየሁ። የአንደኛው ናሙና ጨለማ የተነሣው በዚያው ቀን ነው። የሁለተኛው ግን ከሦስት ቀን በፊት ነው። የቅርቡን ጨለማ ዛሬ ሌሊት ማውረድ ጀምሬያለሁ።